በአቃቂ በኩል የገቡ ልጆች

የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ የከተማዋ የደቡብ ደጃፍ ሆነች። ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋንና አዋሽን አቋርጦ የመጣ ሁሉ፣ አቡጀዲ የጫነ ነጋዴም ሆነ መጽሐፍ የያዘ ሚስዮናዊ፣ አቃቂን ሳያልፍ ከተማ አይገባም ነበር። በጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. በዚያው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሱት መንገደኞች ግን ዕቃም ሆነ ዘመድ አልነበራቸውም። በኦቶማን ቱርክ በተፈጸመው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ አርመናውያን ወንዶች ልጆች ነበሩ።

ታሪካቸው የሚጀምረው ከኢየሩሳሌም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በዚያ ዓመት ወደ አውሮፓ ሲጓዙ መጀመሪያ ቅድስት ሀገርን ተሳለሙ። በአርመኖች ገዳም ከሞት የተረፉ ልጆች ተጠልለው ይማሩ ነበር፤ የነሐስ መሣሪያም ይነፉ ነበር። ራስ ተፈሪ ዜማቸውን ሰምተው ወደዱት፣ ችግራቸውንም ሰሙ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተውም ልጆቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የእምነት ዝምድና መንገዱን እንዳቀለለው አያጠራጥርም።

ልጆቹን ያሠለጠናቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመናዊ የሙዚቃ ሰው ነበር። የመንግሥት የነሐስ ባንድ ሆነው ተደራጁ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለሚለው መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ የተሰማው ይኸው መዝሙር ነበር። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ውላቸውን ጨርሰው ሌላ አገር ሄዱ፣ ሌሎቹ እዚሁ ቀርተው ትዳር ያዙ።

ርኅራኄው እውነተኛ ነበር፤ ግን ከውል ጋር የመጣ ርኅራኄ ነው። ልጁ መጠለያና ደመወዝ ያገኛል፣ በምትኩ መለከት ይነፋል። በዚህች አገር የአሳዳጊ አልባ ልጅ ታሪክ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው ይህን ደጋግሞ ያየዋል፤ ያሳደገው ሁሉ ከልጁ የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም የአቃቂ ምድር የራሱ ሥርዓት ነበረው። የአካባቢው ቱለማ ኦሮሞ የሌላውን ልጅ የሚያሳድገው በጉዲፈቻ ነው። ልጁ በሽማግሌዎች ፊት ከተወሰደ በኋላ በአሳዳጊው ጎሣ ይጠራል፣ ይወርሳል፣ ሐረጉንም ከአብራክ ልጅ ሳይለይ ይቆጥራል። በአማራው ዘንድ ደግሞ የጡት አባት ነበር። አሳዳጊው ጣቱን ወይም ጡቱን ማር ቀብቶ ልጁን ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ «የጡት ልጄ ነው» ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም። እነዚህ ሥርዓቶች ልጁን መጦሪያ፣ የስም መጠሪያና የቤት ወራሽ ያደርጉታል። ልጅ የሌለው ባለ ርስት ቤቱ እንዳይዘጋ የሚያደርገው በዚህ መንገድ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሌላ ክር ጨመረችበት። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆምላቸዋል። ይህ ሰው የሥጋ ወላጅ ቢሞት ልጁን ዘወር ብሎ እንዲያይ ይጠበቅበታል። ከቤት የወጣ ወንድ ልጅ ደግሞ የቆሎ ትምህርት ቤት ነበረለት። ለምድ ደርቦ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ ከውሻ እየታገለ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ እራቱ ከምእመናን ቁራሽ፣ ድግሱም ከተዝካር ቤት ነው። ወላጅ ያለውም የሌለውም በአንድ ጎጆ ያድራል። በቀሪው ዘመኑ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን፣ ደብተራ ወይም መሪጌታ ያገኛል። እንደ አርባዎቹ ልጆች ሁሉ፣ የቆሎ ተማሪም የበላውን በድምፁ ይከፍላል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ዓይነት ቤት አመጣ። የአድቬንቲስት ሚስዮን በአቃቂ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1950ዎቹ ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ አካባቢውን የሠራተኛ መንደር አደረገው። ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች በጠባብ ኪራይ ቤት ሰፈሩ፤ አያትና አክስት ርቀው ቀሩ። ወላጅ ሲታመም ወይም ሥራ ሲያጣ ልጅን የሚቀበለው የዘመድ ሰንሰለት የሳሳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በደርግ ዘመን መንግሥት በአላጌ «የሕፃናት አምባ» ሲያቋቁም የታሰበለት በሶማሊያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ፤ ልጆቹም ለአብዮቱ የሚታጩ ነበሩ። በዚያው ጊዜ አካባቢ አንዲት ምእመን በሌላ መንገድ ጀመረች። አበበች ጎበና ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ስትሄድ ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበር። ከሞተች እናቷ ጡት ያልተለየች ሕፃን አገኘች፤ ለእርሷና ለሌላ አንድ ሕፃን መፍትሔ ፈልጋ ሁለቱንም ይዛ አዲስ አበባ ገባች። በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ባለቤቷና ዘመዶቿ ሥራውን ስላልወደዱት ቤቷን ትታ ከልጆቹ ጋር ወጣች። ገንዘብ የሚለግስ ባለሥልጣን አልነበረም፤ በእጇ ሥራ እያስተዳደረች ድርጅቷን አቆመች። በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ስታርፍ አገሩ ሁሉ እንደ እናቱ አለቀሰላት። ከልጆቹ ምን ትፈልግ ነበር ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ እንዲያድጉ።

አበበች ሥራዋን ከጀመረች ወዲያ የመጣው የኤድስ ዘመን ማንኛውንም የልግስና ቤት የሚፈትን ነበር። ቀብር ለማስፈጸም የተቋቋሙ እድሮች የሞቱ አባሎቻቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። በከተማዋ የሚታወቁት የመንግሥት ማሳደጊያዎች፣ ክበበ ፀሐይ ለጨቅላዎች፣ ቀጨኔ ለልጃገረዶች፣ ኮልፌ ለወንዶች፣ ያለ ማቋረጥ ልጅ ይቀበሉ ነበር። ከባሕር ማዶም ሌላ በር ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት ከዚህ የሚበልጥ ልጅ ወደ አሜሪካ የላከችው ቻይና ብቻ ነበረች። ብዙዎቹን የተቀበሏቸው የውጭ ቤተሰቦች በእምነታቸው ተነሣሥተው ነበር። ሆኖም ሰነድ ያጭበረበሩ፣ ወላጅ ያላቸውን ልጆች ወላጅ አልባ ያሉ ደላሎች ተጋለጡ፤ በአሜሪካ በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተች ታዳጊ ጉዳይም ሕዝቡን አስቆጣ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ «ልጁን ማን ያሳድገው?» የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ የሚነሣበት አንድ ቦታ አለ። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት የሴቶች ክፍል ሕፃናት ከታሰሩ እናቶቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ ሕጉም ለጊዜው ይፈቅድላቸዋል። እነዚህ ልጆች እናት አላቸው፤ ቤት ግን የላቸውም። ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው ጊዜ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚፈለገው ዘመድ ነው፤ አያት፣ አክስት ወይም የክርስትና እናት። ካልተገኘ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ይመዘገባሉ፤ እናት ፍርዷን ጨርሳ ስትወጣም ልጇን ከዚያ ትጠይቃለች።