ከመሬት ውል ወደ ካርታ ቁጥር፤ የአሜሪካ የሕዝብ መሬት ቅየሳ ታሪክና ትምህርቱ

መሬትን በሕግ ጽሑፍ መግለጽና ያንኑ መሬት በካርታ ላይ በቁጥር ማመልከት በተለያዩ ዘመናት የተወለዱ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የመሬት ውል በወሰን ምልክት፣ በአዋሳኝ ስምና በቅየሳ መዝገብ ቋንቋ ይናገራል፤ ካርታ ግን በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ወይም ከአንድ መነሻ ያለውን ርቀት በሚያሳይ መጋጠሚያ ቁጥር ይናገራል። አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ላይ ላዩን ሲታይ የሂሳብ ሥራ ብቻ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዩናይትድ ስቴትስ የሕዝብ መሬት ቅየሳ ታሪክ አማካይነት፣ ሥራው አስቀድሞ የታሪክ ንባብን እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካሬው ሥርዓት አመጣጥ

አሜሪካ ነጻነቷን ባገኘች ማግሥት መንግሥቱ በጦርነት ዕዳ ተጨንቆ ስለ ነበር፣ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜንና ምዕራብ ያለው ምድር ተሽጦ ዕዳው እንዲቃለል ታሰበ። ምድሩ የነባር ሕዝቦች መኖሪያ በመሆኑ የቅየሳው ታሪክ ከጦርነትና ከመሬት መነጠቅ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እስከዚያ ድረስ በብዙ አካባቢ የመሬት ውል የሚጻፈው ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ጅረት እየተባለ ነበር። ዛፉ ሲወድቅና ጅረቱ መንገዱን ሲለውጥ ግን ክርክር ይነሣል።

ይህን ለማስቀረት በግንቦት 1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ምድሩ አስቀድሞ እንዲቀየስ፣ ከዚያ በኋላ እንዲሸጥ አዘዘ። መሬቱ እያንዳንዱ ጎን 6 ማይል በሆነ ካሬ ተከፈለ፤ ይህም ታውንሺፕ ተባለ። ታውንሺፑ በተራው በ36 ክፍሎች ተመደበ፤ የአንዱ ክፍል ስፋት 1 ካሬ ማይል፣ ማለትም 640 ኤከር ወይም 259 ሄክታር ያህል ነው። ክፍሉ በኋላ ሴክሽን የሚል ስም አገኘ። ሥራው በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በቶማስ ሃቺንስ መሪነት፣ ኦሃዮ ወንዝ ከፔንሲልቬንያ ምዕራባዊ ወሰን ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ተጀመረ። መለኪያው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር በ1620 ያስተዋወቀው ባለ 66 ጫማ ሰንሰለት ነበር፤ ይህም ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። 80 ሰንሰለት አንድ ማይል፣ 10 ካሬ ሰንሰለት ደግሞ አንድ ኤከር ይሆናል።

ለመምህራን በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድንጋጌው በየታውንሺፑ ቁጥር 16 የሆነውን ክፍል ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች መደጎሚያ መመደቡ ነው። ከ1848 ጀምሮ በተቋቋሙ በብዙዎቹ የምዕራብ ግዛቶች ሴክሽን 36ም ተጨምሮበታል። ስለዚህ ሴክሽን 16 የት እንደሚገኝ ማወቅ የትምህርት ቤቱን መተዳደሪያ የማወቅ ያህል ነበር።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሥፍራ

በ1785 ድንጋጌ መሠረት ቁጥሩ ከታውንሺፑ ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይቆጠርና በሚቀጥለው ረድፍ እንደገና ከደቡብ ይጀምራል። በ1796 የወጣው ሕግ ግን ቆጠራው ከሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ተነሥቶ፣ ገበሬ በሬዎቹን ትልም ለትልም እየመለሰ እንደሚያርስ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ እንዲመላለስ አደረገ። በዚህ ምክንያት ቁጥር 36 በአሮጌው ሥርዓት በሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ሲገኝ፣ በአዲሱ ከዚያ ትይዩ በሆነው በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ይገኛል። ቁጥር 16 ደግሞ አንድ ማይል ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ይላል። የቅየሳውን ዘመን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው የትምህርት ቤቱን መሬት በጎረቤቱ ላይ ያሳርፈዋል።

በ1803 የቅየሳ ዋና ኀላፊ ሆኖ የተሾመው ጃሬድ ማንስፊልድ፣ ቅየሳው በከዋክብት ምልከታ ከተረጋገጠ ዋና ሜሪዲያንና ከሱ ጋር ከሚቋረጥ መነሻ መስመር እንዲነሣ አደረገ። ታውንሺፖች ከመነሻው መስመር ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይቆጠራሉ፤ ከሜሪዲያኑ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚቆጠረው ዓምድ ሬንጅ ይባላል። ከጊዜ በኋላ ዋና ሜሪዲያኖቹ ከ30 በላይ ስለ ሆኑ፣ ስማቸው ያልተጠቀሰበት የመሬት መግለጫ ምሉዕ አይደለም።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ፦ ታውንሺፕ 3 ሰሜን፣ ሬንጅ 2 ምዕራብ፣ የሴክሽን 14 ደቡብ ምሥራቅ ሩብ፣ ሰሜን ምዕራብ ሩብ የሚል መግለጫ እንውሰድ። በእንግሊዝኛው ውል ትንሹ ቁራሽ ቀድሞ ስለሚጻፍ አንባቢው ከመጨረሻው ወደ ፊት ማንበብ ይኖርበታል፤ በአማርኛ ግን ከትልቁ ወደ ትንሹ መውረድ የቋንቋው ተፈጥሮ ነው።

የታውንሺፑ ደቡባዊ ጠርዝ ከመነሻው መስመር 12 ማይል ወደ ሰሜን፣ ምሥራቃዊ ጠርዙ ከሜሪዲያኑ 6 ማይል ወደ ምዕራብ ይርቃል። ሴክሽን 14 ከሰሜን ሦስተኛ፣ ከምሥራቅ ሁለተኛ በመሆኑ በ15ኛውና በ16ኛው ማይል፣ በ7ኛውና በ8ኛው ማይል መካከል ይውላል። ሩቡንና የሩቡን ሩብ ስንወስድ፣ የቁራሹ መካከለኛ ነጥብ 15.375 ማይል በስተሰሜንና 7.375 ማይል በስተምዕራብ ይሆናል፤ ይህም ወደ 24.7 እና ወደ 11.9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ 640 ሁለት ጊዜ ለ4 ተካፍሎ 40 ኤከር ነው። የሜሪዲያኑና የመነሻው መስመር መገናኛ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ ቀሪው ሂሳብ ለተማሪ እንኳ አይከብድም።

መሬቱ ለምን ከስሌቱ ይለያል?

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚሰጠው በሐሳብ ያለውን መሬት ነው። በመጀመሪያ፣ ምድር ክብ በመሆኗ ሜሪዲያኖች ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን ይቀራረባሉ፤ በ40 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የአንድ ታውንሺፕ ሰሜናዊ ጠርዝ ከደቡባዊው 12 ሜትር ያህል ያጥራል። በ1800 የወጣው ሕግ ትርፉም ጉድለቱም በሰሜንና በምዕራብ ጠርዝ ባሉ ክፍሎች ላይ እንዲያርፍ ወሰነ። ሁለተኛ፣ ሰንሰለት በአገልግሎት ብዛት ይረዝማል፤ የኮምፓስ መርፌም ብረት ባለበት ምድር ይሳሳታል። በ1836 በፀሐይ የሚሠራ ኮምፓስ የባለመብትነት ማረጋገጫ ያገኘው ዊልያም ኦስቲን በርት፣ በ1844 በሚቺጋን ሲቀይስ መርፌው ክፉኛ በመዛባቱ የብረት ማዕድን ሊገኝ ችሏል። ሦስተኛ፣ እስከ 1910 ድረስ ቀያሾች በውል እየተቀጠሩ በማይል ይከፈሉ ስለ ነበር አንዳንዶቹ ሥፍራውን ሳይረግጡ መዝገብ ጽፈዋል።

ታዲያ መዝገቡና መሬቱ ሲጣሉ የትኛው ይጸናል? በ1805 የወጣው ሕግ ቀያሹ በመሬት ላይ የተከለው ማዕዘን ትክክለኛው ማዕዘን ሆኖ እንዲጸና ደነገገ። ችካሉ፣ ድንጋዩና በአጠገቡ ምልክት ተቆርጦበት ምስክር ዛፍ የተባለው ግንድ ከርቀትና ከስፋት ቁጥር ይበልጣሉ። ገበሬው ቤቱን የሠራውና አጥሩን ያጠረው በችካሉ አምኖ ስለ ሆነ፣ ዘግይቶ የመጣ የተሻለ መለኪያ ማሳውን ሊነጥቀው አይገባም ከሚል ፍትሕ የመነጨ ነው። በዚህ የተነሣ መሬትን ወደ ካርታ ቁጥር የሚመልስ ባለሙያ የመስክ ማስታወሻውን አንብቦ፣ የተገኙትን ማዕዘኖች ለክቶ፣ የጠፉትን ብቻ በስሌት ይተካል።

በዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ መነሻ አለው። በካንሳስ ከሚገኝ ነጥብ የሚነሣው የ1927 የሰሜን አሜሪካ መለኪያና በ1983 የተተካው መለኪያ ለአንድ ድንጋይ የሚሰጡት ኬክሮስና ኬንትሮስ እንደ አካባቢው ከጥቂት ሜትር እስከ 100 ሜትር ገደማ ይለያያል። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለአገራችን ያለው ትምህርት

በኢትዮጵያ በቀላድ ይለካ የነበረው ጋሻ ብዙውን ጊዜ 40 ሄክታር ተብሎ ቢገመትም እንደ አካባቢውና እንደ አፈሩ ለምነት ይለያይ ነበር፤ ስለዚህ የጥንት ውል በአንድ ማባዣ ወደ ሄክታር አይለወጥም። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫም ማሳውን ያስታወቀው በካርታ ሳይሆን በአዋሳኞች ስም ነው። በሁለተኛው ደረጃ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በአየር ፎቶግራፍ ወይም በሳተላይት ምስል ላይ ወሰናቸውን እንዲያመለክቱ ተደርጎ ማሳው መጋጠሚያ ቁጥር አግኝቷል። እዚህም የጎረቤት ምስክርነት ከቁጥሩ ይቀድማል።

የመነሻው ጉዳይም እኛን ይመለከታል። የቀድሞ ካርታዎቻችን የተመሠረቱት ከአንድ የቅየሳ ነጥብ ስሙን ባገኘው በአዲንዳን መለኪያ ነው፤ መለኪያውም በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር በዓባይ ተፋሰስ በተካሄደው ቅየሳ ወደ አገራችን ተዘርግቷል። ከዚህ ካርታ የተነበበ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሳይስተካከል በዛሬ የሳተላይት መቀበያ ቢፈለግ ከ100 ሜትር በላይ ያሳስታል። ግማሽ ሄክታር የሆነ ካሬ ማሳ ጎኑ 71 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ስሕተቱ ማሳውን በሙሉ ለሌላ ሰው ያስረክባል።

እንግዲህ ፕላን አውጪ ማናቸውንም የመሬት ቁጥር ሲቀበል መነሻው ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተለካና ወሰኑን ማን እንዳመለከተ አብሮ እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባዋል። የጂኦግራፊ መምህርም ተማሪዎቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ ዙሪያ አሰልፎ፣ ወሰኑን መጀመሪያ በአዋሳኝ፣ ቀጥሎ በገመድ፣ በመጨረሻም በካርታ ቁጥር እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ሦስቱ ጽሑፎች የሚለያዩበትን ቦታ ራሳቸው ያገኙታል። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የጀመረ ተማሪ የቅየሳን መሠረተ ሐሳብ ይዟል።