የጥንቆላ ካርታና ያልተመረመረ ቃል



በውጭ አገር ከሚሸጡት የጥንቆላ ካርታዎች መካከል የሚያስቁ አሉ። ሾጣጣ ቆብ የደፋች አሮጊት ጠንቋይ በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ከድመቷ ጋራ ስትበር ተስላ ትታያለች። ታሮት የሚባለው ይህ ባለ 78 ካርታ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ሲወጣ ግን የመሳፍንት መጫወቻ እንጂ የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1781 ዓ.ም. ኩር ዴ ዤብለን የተባለ ጸሐፊ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ካርታው የጥንት ግብጻውያን ካህናት ምሥጢር ነው አለ። የግብጽን ጥንታዊ ጽሕፈት በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም። በ1822 ሻምፖሊዮን ጽሕፈቱን ሲፈታው ለዚህ ቃል የሚመሰክር ነገር አልተገኘም። ወሬው ግን ሥር ሰድዶ ነበርና ካርታው መጠንቈያ ሆኖ ቀረ።

መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1782፣ በስዊስ አገር በግላሩስ አና ጎልዲ የተባለች የቤት ሠራተኛ የጌታዋን ልጅ በአስማት ጐድታለች ተብላ አንገቷ በሰይፍ ተቀላ። የአገሩ ምክር ቤት ንጽሕናዋን ያወጀላት ከ226 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው።

በሥዕሉ ብንስቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያልተመረመረ ቃል መጫወቻውን ምሥጢር፣ ድኻይቱንም ጠንቋይ እንዳደረገ አንርሳ። መዝገብ የሚይዝ እጅ ከመፈረሙ በፊት ማስረጃ ይጠይቅ።