ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ

በ1978 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነው። ተራኪው ሴፋ እስጢፋኖስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል አካባቢ ገበያው የቀዘቀዘ ትንሽ ሱቅ አለው። በኢትዮጵያ የቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች ቤታቸው ውስጥ ባገኙት በራሪ ወረቀት ሰበብ አባቱን ወስደውበታል፤ ወረቀቱ የሴፋ ነበር። ይህ ጸጸት ሰው እንዳይቀርብ ያስረዋል። ጎረቤቱ ሆና የመጣችው ጁዲት ልቡን ብትስበውም ነገራቸው ዳር ሳይደርስ ቤቷ በእሳት ይጋያል። መጽሐፉ እጅግ የሚያምረው ግን ሴፋና የጁዲት ልጅ ናኦሚ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» አብረው ሲያነቡ ነው። ዲናው የልብን መፈታት የሚያሳየው በፍቅር ኑዛዜ ሳይሆን በዚህ ንባብ ነው። ልብ ወለዱ በ2007 እ.ኤ.አ. የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።