በሕፃን ጥርስ ላይ የቀረበ የሐሰት ክስ

ታሪክ ሲባል ዘውድና ጦርነት ብቻ ይታወሰናል። የአድዋን ዘመቻ ቀኑን ከነሰዓቱ የምንቆጥር ሰዎች፣ በገዛ አፋችን ውስጥ ያለውን ታሪክ ግን ዞር ብለን አይተነው አናውቅም። እስቲ ማታ በዶርም ሻይ ስንጠጣ እንጠያየቅ፤ ከመካከላችን እንጥሉ ያልተቆረጠ፣ ግግ ያልወጣለት ስንቱ ነው? አንዱ «እኔ አላስታውስም፣ እናቴ ግን ነግራኛለች» ይላል። ሌላው ከንፈሩን ገልጦ ክራንቻው ሊበቅልበት ይገባ የነበረውን ክፍት ቦታ ያሳያል። እንስቃለን፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሕፃኑ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡት አልይዝም ይላል። አያት ትመጣና ጣቷን በድዱ ላይ ታስኬዳለች። በክራንቻው ቦታ ያበጠ፣ ነጣ ያለ ነገር ታገኛለች። «ግግ ነው» ትላለች። የሰፈሩ አዋቂ ይጠራል። በምላጭ ወይም በጋለ መርፌ፣ አንዳንዴም በጥፍር፣ ድዱ ይቧጠጥና ከውስጡ ለስላሳ ነጭ ነገር ይወጣል። ትል ነው የሚሉም አሉ። ትል ግን አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ እንቡጥ ነው።

ይህን ስንሰማ «ያው የእኛ ኋላቀርነት!» ብለን ለመደምደም እንቸኩላለን። እንዴ፣ ቀስ እንበል! ክሱ ከእኛ አገር አልተጀመረም። በጥንቱ የግሪክ ሐኪም በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት አጫጭር የሕክምና ቃሎች ውስጥ፣ ሕፃናት ጥርስ ሲያበቅሉ፣ በተለይም ክራንቻ ሲያወጡ፣ ትኩሳት፣ መንፈራገጥና ተቅማጥ ያገኛቸዋል የሚል ተጽፏል። በ16ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ የአንድ መስፍን የስምንት ወር ሕፃን ሞቶ አስከሬኑን ሲመረምር የሞቱን ምክንያት አጣ። ድዱን ቢሰነጥቀው ግን ጥርሶቹ ለመውጣት ተዘጋጅተው አገኛቸው። ገዳዩን ያገኘ መሰለው። ከእርሱ ወዲህ የሕፃናትን ድድ በላንሴት መሰንጠቅ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በአውሮፓ የተማረ ሐኪም ሥራ ሆነ።

እንግሊዞች ደግሞ ክሱን በመዝገብ አሰፈሩት። እ.ኤ.አ. በ1839 ብቻ በእንግሊዝና በዌልስ 5,016 ሰዎች «በጥርስ ማብቀል» ሞቱ ተብሎ ተጽፏል። መድኃኒት ነው የተባለውም ከበሽታው የባሰ ነበር። ለጥርስ ማብቀያ በየሱቁ ይሸጥ የነበረው ዱቄት ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ውሁድ ነበረበት። ሕፃናቱ እጅና እግራቸው እየቀላና እየተላጠ፣ ብርሃን እየሸሹ ይማቅቁ ነበር። በአሜሪካን አገር ዋርካኒና ሃባርድ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1948 ጥፋቱ የሜርኩሪው መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1954 እንግሊዝ ውስጥ ዱቄቱ ከገበያ ሲወጣ ያ በሽታ አብሮት ጠፋ ማለት ይቻላል። የነጭ ካፖርት ለባሹና የሰፈሩ አዋቂ በዚህ ጉዳይ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኖረዋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ባሕርና ተራራ እየለየው፣ ስለ ምን አንድ ዓይነት ስሕተት ተሳሳተ? ነገሩ የጊዜ መገጣጠም ነው። የመጀመሪያው የወተት ጥርስ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ ብቅ ይላል። በዚያው ጊዜ ሕፃኑ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የመጣው በሽታ መከላከያ ይሟጠጣል፤ አጥሚትና ውሃ መቅመስ ይጀምራል፤ መሬት ላይ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡ ከንጹሕ ካልሆነው ውሃና ከቆሸሸው እጅ ይመጣል። ወንጀለኛው ሲያመልጥ በአካባቢው የተገኘው ጥርስ ተያዘ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉታል ይህ ነው። ጥርስ ማብቀል ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ ከዚያ አልፎ ሕፃን አይገድልም።

ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። ከወተቱ ክራንቻ ሥር የቋሚው ጥርስ እንቡጥ ተኝቷል። ምላጩ ያንንም ያገኘዋል፤ ቋሚው ጥርስ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ወይም ከነአካቴው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ክፍት ቦታ አይተው ጽፈዋል። መድማት፣ መመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍም አለ። ከሁሉም የሚከፋው የጠፋው ጊዜ ነው። ግጉ ሲወጣ ሁሉም «እፎይ» ይላል፤ ሕፃኑ ግን ውሃ ከሰውነቱ እያለቀ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ጡትና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነበር።

እርግጥ ነው፣ ዝም አልተባለም። ጎጂ ልማዶችን የሚታገለው የአፍሪካ አገሮች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1984 ዳካር ላይ ተቋቋመ፤ የእኛም ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ተከተለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማድ ሕፃናትን መጉዳትን ያስቀጣል። ነገር ግን ሕግ አያትን ያስፈራ ይሆናል እንጂ የታመመ ልጅ ሲያለቅስባት መልስ አይሰጣትም። እርሷ እኮ የጨከነች አይደለችም፤ ጤና ጣቢያ በሌለበት ዘመን ልጁን ለማዳን በእጇ የነበረውን አደረገች። ምላጩን ንቀን እርሷንም ከናቅን፣ እኛም ዳውላውን ነው የምንመታው።

አንድ ሌላ ክስም ተጨምሯል፤ «የወተት ጥርስ መውደቁ ላይቀር ምን ያደርጋል?» የሚል። ያደርጋል እንጂ! ልጁ የሚያኝከው፣ ፊደልም አስተካክሎ የሚጠራው በእርሱ ነው፤ ለቋሚውም ቦታ ጠብቆ ያቆያል። ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ ቤታችን ገብቷልና፣ ከመጀመሪያዋ ጥርስ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ማጽዳት፣ ስኳር ያለው ጡጦ አፉ ውስጥ ትቶ አለማስተኛት ያስፈልጋል። ወይራና ክትክታ ሲፍቅ የኖረ ሕዝብ ጥርስ ማጽዳት አዲስ አይሆንበትም፤ ከልጅነት መጀመሩ ብቻ ነው አዲሱ።

ክረምት ሲመጣ ወደየቤታችን እንገባለን። ከጎረቤት አንድ ሕፃን ያተኩሰው ይሆናል፤ አያትም ጣቷን ወደ ድዱ ትሰድ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመሳደብ ይልቅ አጠገቧ እንቀመጥ። «እማማ፣ መጀመሪያ ውሃው እንዴት ነው? ስንት ጊዜ አስቀመጠው?» ብለን እንጠይቅ፤ ልጁንም አዝለን ጤና ኬላ እናድርስ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና።