የሸክላ ሽፋን ሥዕል መጠን እያነሰ ስለ መምጣቱ

የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ሥዕል በየዘመኑ መጠኑ እያነሰ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከእነዚህ መቀነሶች መካከል ለታሪክ ማስረጃ የሚያሠጋው የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ነው። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሸክላ ይሸጥ የነበረው በአብዛኛው የኩባንያው ወይም የሻጩ ስም ብቻ በታተመበት ተራ ወረቀት ተከቶ ነበር። ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሠዓሊ አሌክስ ስታይንዋይስ በ1940 ባለ ሥዕል ሽፋን ማዘጋጀት ጀመረ። ኩባንያው በ1948 ባለ 12 ኢንች ረዥም ሸክላ ሲያወጣም ሥዕሉ በየጎኑ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ አገኘ። በ1982 ሲዲ መጣና ሥዕሉ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ይህም በስፋት ሲሰላ ከቀድሞው ሰባተኛ እጅ ግድም ነው። ዳሩ ግን ሲዲ ስለ ወጣ የቀድሞውን ሽፋን የቀደደ የለም።

በአገራችን አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችን አሳትሟል፤ አብዛኞቹም ባለ 7 ኢንች ናቸው። በብዙዎቹ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍና የዘፈኑ ስም በፊደላችን ይገኛል። ስለ ዘመኑ ሙዚቀኞች የተጻፈው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህ ካርቶን ለተመራማሪ እንደ ሰነድ ሊቈጠር ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ሽፋን በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ በስካነር ሲነሣ በየጎኑ 2,100 ፒክስል ይሆናል። ለኮምፒዩተር የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ወደ 300 ፒክስል ሲቀነስ የሚቀረው ከ49 እጅ አንዱ ነው። ፎቶግራፉ ይህን ይችለዋል፤ ፊደሉ ግን አይችለውም። ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል ከ24 ፒክስል ወደ 3 ይወርዳል። የላቲን ፊደል አንባቢ ቃሉን በግምት ሊደርስበት ይችል ይሆናል፤ የእኛ ፊደል ግን ሰ፣ ሱ፣ ሲ የሚለየው በትንሽ ቅጥል ስለ ሆነ፣ ቅጥሉ ሲጠፋ የሰው ስም አብሮ ይጠፋል።

የከፋው ግን መቀነሱ ራሱ ሳይሆን የሚቀነስበት መንገድ ነው። በ1990 ለሕዝብ በነፃ የተሰጠው ኢሜጅማጂክ የተባለ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ የብዙ ሺሕ ሥዕሎችን መጠን ይለውጣል። ከትእዛዞቹ አንዱ የሆነው ሞግሪፋይ፣ ሌላ ማስቀመጫ ወይም ሌላ የፋይል ዓይነት ካልተነገረው በቀር፣ ትንሹን ሥዕል በትልቁ ቦታ ተክቶ ይጽፈዋል። እንግዲህ ሲዲ ያላደረገውን ይህ አደረገው ማለት ነው፤ ዋናውን አጥፍቶ ቅጂውን አስቀረ። ተመልሶ ቢተልቅም የጠፋው ቅጥል አይመለስም፤ ብዥታው ብቻ ይሰፋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ስብስብ የያዘ ሰው ስካን የተደረገውን በቲፍ ፋይል ለብቻው ቢያኖር፣ ለማያ የሚሆነውን ትንሽ የጄፔግ ቅጂ ደግሞ በሌላ ማኅደር ቢያወጣ፣ የሚያወጣው ወጪ የዲስክ ቦታ ብቻ ነው። የሽፋኑን ጀርባም ማንሣት አይርሳ፤ ለማያ የሚመረጠው ሁልጊዜ ፊቱ ነውና።