ለንደን ቻሌንጅ፦ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በከተማ አቀፍ ደረጃ የተሻሻሉበት ተሞክሮ

ለንደን ቻሌንጅ የእንግሊዝ መንግሥት የዋና ከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ያካሄደው መርሐ ግብር ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ከመዝጋት ይልቅ በተሻሉት ትምህርት ቤቶች አቅም መደገፍን ዋነኛ ስልቱ በማድረጉ በትምህርት ጥራት ዙሪያ በሚደረጉ ውይይቶች በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

መነሻ ሁኔታ

በለንደን ከ400 በላይ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ የሚተዳደሩትም በ33 የአካባቢ አስተዳደሮች ሥር ነበር። መርሐ ግብሩ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት በተለይ በመሃል ለንደን የሚገኙ ተማሪዎች 16 ዓመት ሲሞላቸው በሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና የሚያስመዘግቡት ውጤት በእንግሊዝ ዝቅተኛ ከሚባሉት መካከል ነበር። የቤት ዋጋ ውድነት መምህራን በከተማዋ እንዳይቆዩ አድርጓል፤ አቅም ያላቸው ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ግል ወይም ከመኖሪያ አካባቢያቸው ውጭ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ይልኩ ነበር። ሃክኒ፣ ሃሪንጌይ፣ ኢዝሊንግተን፣ ላምቤትና ሳውዝዋርክ የተባሉት አምስት የአካባቢ አስተዳደሮች ልዩ ትኩረት እንዲሰጣቸው ተወስኗል።

አደረጃጀት

መርሐ ግብሩ የለንደን ትምህርት ቤቶችን ጉዳይ በኃላፊነት የሚከታተል ሚኒስትር የተሰየመለት ሲሆን የመጀመሪያው ስቲቨን ትዊግ ነበሩ። ሙያዊ አመራሩን የሰጡት ቀደም ሲል የበርሚንግሃም ከተማን የትምህርት ሥራ የመሩት ሰር ቲም ብሪግሃውስ ናቸው። በሥራቸውም የካበተ የርዕሰ መምህርነትና የትምህርት አስተዳደር ልምድ ያላቸው አማካሪዎች ተመድበዋል።

የድጋፉ አሠራር

ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ቤቶች «የስኬት ቁልፎች» የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል። የስያሜው መነሻ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከተለወጡ የከተማዋ ገጽታም ይለወጣል የሚል እምነት ነው። መምህራንና ርዕሳነ መምህራን በይፋ መወቀስን በሚፈሩበት ሁኔታ ችግራቸውን በግልጽ እንዲናገሩ ማድረግ ስለሚያዳግት፣ የስያሜው ምርጫ የሥራው አካል ተደርጎ ተወስዷል።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ አማካሪ ይመደባል። አማካሪው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ችግሩን ይለያል፤ ለዚያ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን የድጋፍ ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ለውጡንም በቅርበት ይከታተላል። ድጋፉ ውጤታማ የሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እገዛ፣ የአንድ የትምህርት ዓይነት ባለሙያ ወይም የአመራር ሥልጠና ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ «የትምህርት ቤት ቤተሰብ» የተሰኘው የመረጃ አደረጃጀት ነበር። ትምህርት ቤቶች የሚመደቡት በቦታ ቅርበት ሳይሆን የተማሪዎቻቸው የቀደመ ውጤትና የኑሮ ደረጃ በመመሳሰሉ ነው። በመሆኑም አንድ ርዕሰ መምህር የዝቅተኛ ውጤቱን ምክንያት በተማሪዎቹ ድህነት ብቻ ለማስረዳት ቢሞክር፣ ተመሳሳይ ተማሪዎችን እያስተማረ የተሻለ ውጤት ያገኘ ትምህርት ቤት በዚያው ሠንጠረዥ ይታየዋል። ያንን ትምህርት ቤት ጎብኝቶ አሠራሩን መማርም ይችላል።

ሦስተኛው የመምህራን ሥልጠና ነው። መምህራን ወደ ውጤታማ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲያስተምሩ ይመለከታሉ፤ ተመልሰውም በክፍላቸው ይሞክሩታል። አስተናጋጆቹ ትምህርት ቤቶችም የራሳቸውን አሠራር ለሌሎች ማስረዳት ስለሚኖርባቸው ከሥልጠናው ተጠቃሚ ሆነዋል።

የተገኘው ውጤት

የእንግሊዝ የትምህርት ኢንስፔክሽን ተቋም ኦፍስቴድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፈተና ውጤትም ሆነ በኢንስፔክሽን ደረጃ ከቀሪው የእንግሊዝ ክፍል የተሻሉ መሆናቸውን አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 መርሐ ግብሩ የለንደንን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያካትት የተደረገ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ሥራም በታላቋ ማንቸስተርና በብላክ ካንትሪ ተጀምሯል።

ለውጡ ሙሉ በሙሉ የመርሐ ግብሩ ውጤት ነው ወይ የሚለው ግን አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጡ ጥናቶች አንዱ መሻሻሉ ቀደም ብሎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መታየት እንደጀመረ አመልክቷል። ሌላው ደግሞ ለለንደን ብልጫ የከተማዋን ተማሪዎች የብሔረሰብ ስብጥር በምክንያትነት አቅርቧል። አዳዲስ መምህራንን ወደ ከተማዋ ያመጡ ሌሎች ፕሮግራሞችም በተመሳሳይ ወቅት ይካሄዱ ነበር። ስለዚህ ተሞክሮውን የሚወስድ አካል የአንደኛ ደረጃ መሠረትን ሳያጠናክር በሁለተኛ ደረጃ ብቻ ተመሳሳይ ለውጥ መጠበቅ አይኖርበትም።

ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ፤ በጉድኝት ማዕከላት በኩልም እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ጉድኝቱ በአብዛኛው በቦታ ቅርበት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ሲሆኑ ልምድ የሚቀሰምበት ትምህርት ቤት በቅርብ ላይገኝ ይችላል። በትልልቅ ከተሞች ተመሳሳይ ተማሪዎችን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ከክፍለ ከተማ ወሰን ባለፈ ማገናኘት ይህን ክፍተት ለመሙላት ያግዛል። የኢንስፔክሽን ደረጃውም በዋናነት ለየትኛው ትምህርት ቤት ማን ድጋፍ ሊሰጥ እንደሚችል ለመለየት ሲውል ጠቀሜታው ይጎላል።