ማስታገሻው ሕመም ሲሆን፦ ማይግሬንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ

«ለራስ ምታት የሚሆን ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ በፈተና ሰሞን በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ባሉ መድኃኒት ቤቶች ደጋግሞ ይሰማል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አሥር ፍሬ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ተማሪው ከፍሎ ወደ ጥናቱ ይመለሳል። ሕመሙ በወር ስንት ቀን እንደሚነሳበት የሚጠይቀው ግን እምብዛም አያገኝም። ለማይግሬን ታማሚ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ልብ በመታ ቁጥር ይፈልጣል፤ ደረጃ መውጣት ያባብሰዋል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 17.7 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። በግቢ ውስጥ ግን ስሙ አይጠራም፤ «ሳይነስ ነው»፣ «ዐይኔ ነው»፣ «ጥናት በዝቶብኝ ነው» ይባላል።

የግቢ ኑሮ ደግሞ ለሕመሙ የተመቸ ነው። ሌሊቱን ማንጋት፣ ቁርስ ሳይበሉ ክፍል መግባት፣ በጥናት ሳምንት ቡና አብዝቶ ጠጥቶ በድንገት ማቆም፣ ሁሉም ይቀሰቅሱታል።

ተማሪው መጀመሪያ ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል። ክኒኑን የሚያነሳው ሲብስበት ነው። ይሁንና ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራው ይዘገያል፤ ዘግይቶ የተዋጠው ክኒን ሆድ ውስጥ ይቆያል እንጂ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ይደግማል፤ ከጓደኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት ይቀበላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ስለሆኑ አብረው ሲወሰዱ፣ በተለይ በባዶ ሆድ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ።

ከዚህ የከፋው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን፣ ትራማዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች ወይም ካፌይን የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር አልፎ ከወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። የሚቆጠረው የክኒኑ ብዛት ሳይሆን የተወሰደበት ቀን ነው፤ በቀን አንድ ፍሬ ብቻ የሚውጥ ጠንቃቃ ተማሪም ወጥመዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱን ሲያቆም ሕመሙ ለጊዜው ይበረታል፤ እሱም ይህን «መድኃኒቱ ያስፈልገኛል» ብሎ ይተረጉመዋል።

የሕክምና ትምህርት ከዚህ አያድንም። ስለ መድኃኒት ማወቅ ሐኪም ዘንድ መሄድን ትርፍ ያስመስላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ራስ ምታታቸውን እንዴት እንደሚያስታግሱ ማጥናታቸውም ተገቢ ነበር።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያውከው ተማሪ እንዳይነሳበት የሚከላከል መድኃኒት ሊታዘዝለት ይገባል፤ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ርካሽና የቆዩ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል ግን አስም ላለበት አይሰጥም፤ አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል። በቅጽበት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር ወይም የእጅና እግር መዛል ከታየ ግን መሄጃው መድኃኒት ቤት ሳይሆን የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው።